የገሰሰ ልጅ አማካሪ

ያለምወርቅ ታደሰ አዲስ ክፍል ስትገባ ተማሪዎቿን አንድ በአንድ እያስነሣች ስም የማስጠራት ልማድ ነበራት። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ታስተምራለች። ተማሪ ከየት እንደመጣ ካላወቁ ምን ዓይነት ሳይት አይቶ እንዳደገ አይታወቅም ትል ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ቀጠን ያለ ረጅም ልጅ ተነሣ።

«ደሳለኝ ገሰሰ እባላለሁ። ከሐሙሲት ነው የመጣሁት።»

የልጁን አገጭ አየችው። ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው።

«አያትህስ ማን ይባላሉ?»

«አንዱአምላክ። አባቴ የእብናት ሰው ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም።»

«ተቀመጥ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ስለ መሠረት ቁፋሮ አስተማረች። ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ እንዴት እንደሚያብጥ፣ የጉድጓድ ግድግዳ ለምን ቀጥ ብሎ መቆረጥ እንደሌለበት በቾክ እየሣለች አስረዳች። ጥያቄም መለሰች። ሰዓቱ ሲያልቅ የስም ዝርዝሩን አውጥታ ከልጁ ስም ጎን የአያቱን ስም ጻፈች።

ገሰሰ አንዱአምላክ አባቷን የገደለ ሰው ነው።

ነገሩ የተፈጠረው በሰማንያ ዘጠኝ መሬት ሲሸጋሸግ፣ ከእብናት በላይ ባለች የገብስ አገር ነው። ታደሰና ገሰሰ ድንበርተኞች ነበሩ፤ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ሸንሻኞቹ ገመድ ሲጥሉ ድንበሩ ወደ ታደሰ ማሳ ገፋ አለ። ታደሰ ለሊቀ መንበሩ ቢጮህ የሚሰማው አጣ። አንድ ጠዋት ገሰሰ አዲሱን ድንበር ሊያጥር እሾህ ሲቆርጥ አየውና ዱላውን ይዞ ወረደ። ያለምወርቅ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ኋላ ኋላ ትሮጣለች።

ታደሰ እንደደረሰ ዱላውን አንሥቶ የገሰሰን አፍ መታው። ጥርስ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የሚጮኸው። ገሰሰ ተዘረረ፤ ሲነሣ እሾህ ሲቆርጥበት የነበረው ምሳር በእጁ ነበር። የመጀመሪያው ምት ትከሻ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አንገት ሥር ገባ። ታደሰ አንገቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ደሙ በጣቶቹ መሐል እየተንዠቀዠቀ በገብሱ ላይ ይወርዳል። ልጁን አያትና «ሂጂ» አላት፤ ድምፁ ግን ከአፉ ሳይሆን ከቁስሉ ነበር የወጣው። ከዚያ በጉልበቱ ወደቀ።

ገሰሰ አልሸሸም። ሰው እስኪደርስ ድረስ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ፣ የተሰበረ አፉን በነጠላው ይዞ አለቀሰ።

ያለምወርቅ ያየችውን ሁሉ ለእናቷ ለወርቅነሽ ነገረቻት፤ ቀድሞ የመታው አባቷ መሆኑንም ጭምር። እናቷ አፏን በጥፊ አለቻት። «ይህን ሁለተኛ ካንቺ ብሰማ ምላስሽን ነው የምቆርጠው!» ያለምወርቅም ከዚያ ወዲህ ዝም አለች።

ገሰሰ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ እስር ቤት ውስጥ ሲያስለው ከርሞ ሞተ። ያን ቀን ወርቅነሽ ከባሏ ቀብር ቀን ይልቅ አብልጣ አለቀሰች፤ ባለ ደሟ አመለጣት። የገሰሰ ሚስት ፍቅርተ እርጉዝ ሆና ወደ ዘመዶቿ አገር ሸሽታ ነበርና የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም። የያለምወርቅ ወንድም ባዩ ያኔ ጡት አልጣለም። አድጎ ጺም ማብቀል ሲጀምር እናቱ በሴት ትጠራው ጀመር። ሰው በተሰበሰበበት «ባዩ፣ ነይ ብይ» ትለዋለች፤ «ከብቱን አስገቢ» ትለዋለች። የአባቱን ደም እስኪመልስ ድረስ ወንድ ብላ እንደማትጠራው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ያለምወርቅ ይህን ቤት የሸሸችው በትምህርት ነው። ክረምት ክረምት እብናት ላይ የቀን ሥራ ትሠራ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲገነባ ከጓደኛዋ ከጥሩወርቅ ጋር ባሬላ ፊትና ኋላ ይዘው ድንጋይ ያመላልሳሉ። አንድ ቀን ከፍ ያለው የእንጨት መወጣጫ ተሰበረ። ያለምወርቅ የባህር ዛፉን ቋሚ አቅፋ ተረፈች። ጥሩወርቅ ግን ቀጥ ብሎ በቆመ ፌሮ ላይ በጀርባዋ ወደቀች፤ ብረቱ በደረቷ ወጣ። ወዲያው አልሞተችም። «አንሡኝ፣ አንሡኝ» ስትል ሰዎቹ እንዴት እንደሚያነሷት ግራ ገባቸው። ፎርማኑ ፌሮውን በመጋዝ አስቆርጦ አወረዳት፤ ከሰዓት በኋላ ሥራው ቀጠለ። ያለምወርቅም በዚያው ብረት ሥር ድንጋይ ስታመላልስ ዋለች። ስለዚህ መምህር ከሆነች በኋላ የሥራ ደኅንነትን እንደ ተራ ምዕራፍ አስተምራው አታውቅም። «ሰው የሞተበት ሕንፃ በጊዜው ቢያልቅ እንኳ አለቀ አይባልም» ስትል ተማሪዎቹ የምትቆጣ ይመስላቸዋል።

ደሳለኝ የመጨረሻ ዓመት ደርሶ ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ሲመደብ ለእሷ ደረሰ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ምስጋና ዘንድ ሄዳ «ይህን ልጅ ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው።

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ምን ብዬ ልለውጠው? ርዕሱ የሳይት አደጋ ነው፤ ካንቺ ሌላ ማን ያማክረዋል?»

ስሙ ያለበትን ወረቀት ይዛ ወጣች።

ለልጁ አልራራችለትም። ያመጣውን ሁሉ በቀይ እየሰረዘች መለሰችለት። «ይህን ከመጽሐፍ ነው የገለበጥከው። ሂድና ሰው የሚወድቅበትን ቦታ አይተህ ና።» ሌላው ተማሪ ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ ደሳለኝ «እሺ መምህርት» ብሎ ይወጣና በሳምንቱ የተሻለ ነገር ይዞ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ውስጥ በሚሠራ አንድ ፎቅ እየዋለ፣ ሠራተኛውን እያነጋገረ ይመዘግባል። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ስትቀበለው እጁን ላለማየት ትጥራለች። ምሳር የያዘውን እጅ ይመስላታል።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣለ። ደሳለኝ ቢሮዋ መጣና «መምህርት፣ የሕንፃውን ጀርባ ለመደገፊያ ግንብ እየቆፈሩ ነው። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ የወጣውን አፈር ጫፉ ላይ ቆልለውታል። ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ» አላት።

አብራው ሄደች። ፎርማኑ ሙላቴ የላብ መጥረጊያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀበላት።

«ይህ አፈር ከጫፉ ካልተነሣ ሰው ይበላል» አለችው። «ሰዎቹን አሁን አስወጣቸው።»

«መምህርት፣ እዚህ እኮ ክፍል አይደለም» አለ ሙላቴ። «ቁፋሮው ዛሬ ካላለቀ እኔን ነው የሚያባርሩኝ።»

ገና እየተነጋገሩ ሳለ የጉድጓዱ ግድግዳ ሆዱን ነፋ አደረገና ተናደ። ብዙ ድምፅ አልነበረውም፤ ከባድ ከብት እንደሚተኛ ያለ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ደሳለኝ ቀድሞ ዘለለ። ያለምወርቅም ጫማዋን ጥላ ገባች። በአካፋ ቢቆፍሩ የተቀበረውን ሰው መቁረጥ ይሆናልና በእጃቸው ነበር የሚዝቁት፤ ጭቃው በዛቁት መጠን መልሶ ይሞላል። ያለምወርቅ ጥፍሯ ሲነቀል አልተሰማትም። አንደኛውን እስከ ደረቱ አወጡትና ጮኸ፤ በሕይወት ነበረ። ሁለተኛው ከአንበሳሜ የመጣ ሙሉ የሚባል ልጅ ነው። ፀጉሩን ነው መጀመሪያ ያገኙት። ደሳለኝ አንገቱን አቅፎ ቀና ሲያደርገው አፉና አፍንጫው በጭቃ ተጠቅጥቋል፤ ዓይኑ ተከፍቶ አፈር ሞልቶታል። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ እየጠረገ «ተንፍስ! ተንፍስ!» ይለዋል። ሙሉ አልተነፈሰም።

ሬሳውን አውጥተው ሣር ላይ ሲያስተኙት ሙላቴ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ቢጠይቁት የሚናገረውን የሚያውቅ አይመስልም። «ውጣ ብዬው ነበር» አለ። «ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በራሱ ጊዜ ነው የገባው!»

ደሳለኝ ከአጠገቡ የተሰካ አካፋ ነቀለ። ስለቱን ወደ ፎርማኑ አንገት አዙሮ፣ ሁለት እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አነሣ። ያለምወርቅ ፊቱን አየችው። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ይህን አነሣስ ታውቀዋለች። ተወርውራ እጀታውን ያዘችና ሰውነቷን ሁሉ አንጠለጠለችበት።

«ጣለው!» ብላ ጮኸች። «ጣለው ደሳለኝ! አባትህ አባቴን የገደለው እንዲህ ባለች ቅጽበት ነው!»

ሠራተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩአቸው። አካፋው ከልጁ እጅ ወደቀ።

በማግስቱ ቢሮዋ መጣ። ፊቱን ያልታጠበ ይመስላል። አልተቀመጠም።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ስምህን ስትናገር።»

«ታዲያ ለምን አማካሪዬ ሆኑ?»

«ለሌላ ሰው ልሰጥህ ሞክሬ ነበር፤ የምሰጠው ምክንያት አጣሁ።»

ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «እናቴ በበሽታ ሞተ ነው የምትለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ያለምወርቅ የያዘችውን ቀይ እስክሪብቶ አስቀመጠች። «ማኅበር ሲደርሰው ዳቦውን ለልጆች ቆርሶ የሚያድል ሰው ነበር» አለች። «የእኔ አባት ነው ቀድሞ የመታው። በዱላ አፉን መታው። ይህን ልጅ ሳለሁ ለእናቴ ከነገርኳት ወዲህ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

ደሳለኝ ያኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ትምህርቱን ጥሎ መሄድ እንደሚፈልግ ነገራት።

«የትም አትሄድም» አለችው። «የሙሉን አሟሟት በዓይንህ ያየኸው አንተ ነህ፤ ካልጻፍከው በራሱ ጊዜ ገባ ተብሎ ይቀራል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ሰኞ አምጣ።»

አመጣ። እሷ ግን ያን ቀን ሳይቱ ላይ የጮኸችው ነገር የት እንደሚደርስ አላሰበችበትም። ከሠራተኞቹ መካከል የእብናት ልጆች ነበሩ፤ የገሰሰ ልጅ ደብረ ታቦር እንዳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም የት እንደሚውል ወሬው ወርቅነሽ ቤት ገባ።

ባዩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እህቱ የኪራይ ቤት መጣ። ፀሐይ ወጥቶ እያለ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል። በጋቢው ሥር የያዘውን ነገር ከአቀማመጡ አወቀችው።

«እታለም፣ ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«አውቀሽ ታስተምሪዋለሽ?»

«ባዩዬ፣ አባታችን ሲሞት ልጁ እናቱ ሆድ ውስጥ ነበር።»

«እኔስ? እኔ ጡት ላይ አልነበርኩም? እኔን ማን ማረኝ?» ጋቢውን ከአገጩ ገፋው። «አንቺ እዚህ መምህርት ትባያለሽ። እኔን እናቴ በገበያ መሐል ነይ እያለች ትጠራኛለች። ሚስት ብጠይቅ የልጅቷ ቤተሰቦች ‹ከማን ጋር ልናጋባት፣ ከሴት ጋር?› ብለው ሳቁብኝ።»

«ቀድሞ የመታው አባታችን ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ።»

ከጋቢው ሥር የወጣው ሽጉጥ ጉንጯ ላይ አረፈ። ግድግዳው ላይ ተጋጭታ ወደቀች፤ አፏ ደም ሞላ። ባዩ እንደዚያ መትቷት አያውቅም፤ እሱም ራሱ ደንግጦ እጁን አየው። ከዚያ ወጥቶ በሩን ከውጭ ቆለፈባት።

ያለምወርቅ መስኮቱን በርጩማ ሰብራ ወጣች። መስተዋቱ ክንዷን ሸረከተው። ባዶ እግሯን፣ ደም በደም ሆና በአስፋልቱ ስትሮጥ መንገደኛው መንገድ እየለቀቀላት ያልፋል፤ ባጃጅ አንድም አልቆመላት።

ሳይቱ በር ስትደርስ የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ። ከብሎኬቱ ግድግዳ ስባሪ ተፈነጠረ። ደሳለኝ ወደ ደረጃው ሲሮጥ፣ ባዩ ሲከተለው አየች። ደረጃው የእጅ መደገፊያ አልነበረውም፤ ሦስቱም ተከታትለው ገና ከደረቀው የላይኛው ፎቅ ወለል፣ ከሶሌታው ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ መሄጃ የለም። ደሳለኝ ጫፉ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ባዶ ሰማይ ነው፤ ከታች ፌሮ ቆሟል።

«የማን ልጅ ነህ?» አለው ባዩ።

«የገሰሰ» አለ ደሳለኝ። አልካደም።

ያለምወርቅ መሐል ገባች። ቀኝ እጇን ዘርግታ አፈሙዙን ጨበጠችው። ጥይቱ መዳፏን በስቶ፣ አንጓዋን ሰባብሮ፣ የደሳለኝን ትከሻ ቦጭቆ ወጣ። ባዩ የእህቱን እጅ ሲያይ አፉ ተከፈተ። የነጭ አጥንት ስባሪ ሸሚዙ ላይ ተለጥፏል። ሽጉጡ ከእጁ ወረደ።

ሠራተኞቹ በዚያን ጊዜ ደረሱ። ሙላቴ ከፊት ነበር፤ በፌሮ የባዩን ክንድ ሲመታው ክንዱ ተጣጠፈ። ሌሎቹ በእንጨት፣ በአካፋ እጀታ፣ በጫማቸው ወረዱበት። ባዩ ሲወድቅ ደም ከጆሮው ወጣ። «ወርውሩት!» አለ አንዱ። እግሩን ይዘው ወደ ጫፉ ይጎትቱት ጀመር፤ ጭንቅላቱ በሶሌታው ላይ የደም መስመር ይሠራል።

ያለምወርቅ ላዩ ላይ ወደቀችበት። ምቱ በጀርባዋ፣ በወገቧ ላይ አረፈ። «ወንድሜ ነው!» ትላለች፤ ማን ይሰማታል። ደሳለኝ ትከሻውን በአንድ እጁ ይዞ መጣና ከሁለቱም በላይ ተንበረከከ።

«ተዉት!»

«ሊገድልህ ነው እኮ የመጣው!» አለ ሙላቴ፤ ብረቱ እንደተነሣ ነው።

«አውቃለሁ። ተወው ጋሼ ሙላቴ። እኔም አንተን ልገድልህ ነበር።»

ሙላቴ ብረቱን አወረደ። ከዚያ እንደ ልጅ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ፖሊስ የመጣው ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ነው።

የያለምወርቅ ቀኝ እጅ ተቆረጠ ማለት አይቻልም፤ አለ፤ ነገር ግን ጣቶቹ አይታጠፉም። ወርቅነሽ ሆስፒታል መጥታ በር ላይ ቆመች። የተጠቀለለውን እጅ አየችና ባዩ የተኛበትን ክፍል ጠይቃ ሄደች። ባዩ ሲድን ተፈርዶበት ደብረ ታቦር ታሰረ። ደሳለኝ ጽሑፉን ያቀረበው ትከሻው ገና ሳይድን ነው። ፈታኞቹ መምህራን ስለ ጉድጓዱ ሲጠይቁት ያለምወርቅ ከኋላ ተቀምጣ አንድም ጊዜ አላገዘችውም፤ አላስፈለገውም። ስለ ሙሉ ሞት ፖሊስም ዘንድ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ ሙላቴም አፈሩን ያላስነሣሁት እኔ ነኝ ብሎ አመነ።

የሁለቱን ቤተሰቦች ዕርቅ የያዙት መሪጌታ አዳነ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወርቅነሽ ደጅ ክረምቱን ሙሉ ተመላለሱ፤ ውሻ አስነከሰቻቸው። እሳቸው በሚያነክስ እግራቸው እንደገና መጡ። ኅዳር ላይ ወርቅነሽ በስንት መከራ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመች። ፍቅርተ፣ የገሰሰ ሚስት፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ከፊቷ ተንበረከከች።

«ወርቅነሽ፣ ድንጋዩን አንሺላት» አሉ መሪጌታ።

«አላነሣም።»

ሰው ሁሉ ቆመ። ድንጋዩ ፍቅርተን እያጎበጣት ነው። ያለምወርቅ መታገሥ አልቻለችም፤ ቀርባ በአንድ እጇ ድንጋዩን ለማንሣት ታገለች። ድንጋዩ ተንሸራቶ የማይታጠፉት ጣቶቿ ላይ አረፈ፤ ጮኸች።

«ተይው! እጅሽ!» አለች ወርቅነሽ፤ ሳታስበው ነው። ቀረበችና ድንጋዩን ከሴትዮዋ ጫንቃ አውርዳ መሬት ጣለችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ መሪጌታ ግን «በቃ፣ ደሙ ደረቀ» ብለው መስቀላቸውን አወጡ።

ደሳለኝ ዛሬ በሌላ ከተማ ሳይት ይመራል። ያለምወርቅ በግራ እጇ መጻፍ ተምራለች፤ ተማሪዎቹ ፊደሏን ለማንበብ ይቸገራሉ፤ እሷም ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። እሑድ ባዩን ልትጠይቀው ትሄዳለች። መጀመሪያ ዓይኗን ለማየት አይደፍርም ነበር፤ ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ሰዓቱ ያልቅ ነበር።

አንድ እሑድ ግን ቀድሟት ተናገረ። እስር ቤቱ ውስጥ የብሎኬት ሥራ ላይ ተመድቧል።

«እታለም፣ ብሎኬቱ እየተሰነጠቀብን ነው። ሲሚንቶ ጨመርን፤ አሁንም ይሰነጠቃል።»

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ሜዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ። ቶሎ እንዲደርቅ ብለን።»

«መድረቅ የለበትም» አለችው። «ጥላ ሥር አድርጉት። ጆንያ አልብሱት፤ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። መጠንከር ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጆንያ ከየት እናመጣለን?»

«እኔ አመጣለሁ» አለችና ስንት ብሎኬት በቀን እንደሚያወጡ ትጠይቀው ጀመር።